ሪከርድ በሰበረ በሁለት ወሩ ማሽኑ ለምን ተዘጋ? ስለ ኑክሌር ውህደት መሣሪያዎች ጥገናና ማሻሻያ

ጥያቄው፦ «የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነኝ። ስለ ኑክሌር ውህደት ሳስተምር እንግሊዝ አገር የሚገኘውን ጄት የተባለ ማሽን በምሳሌነት እጠቅስ ነበር። ማሽኑ በኦክቶበር 2023 የዓለም ሪከርድ ሰበረ፤ በዲሴምበር ግን ተዘጋ። የጀርመኑ ቬንደልሽታይን 7-ኤክስ ደግሞ ሥራ በጀመረ በሦስት ዓመቱ ለጥገና ተብሎ አራት ዓመት ያህል ቆመ። በየጊዜው እየተበላሸ የሚቆም መሣሪያ ከመጠገን አዲስ መሥራት አይሻልም? ወይስ በጨረር ስለሚበከል ለሺህ ዓመታት ማንም ሊነካው አይችልም? እርስዎ ኃላፊ ቢሆኑ የትኛውን ይመርጡ ነበር?»

ምላሽ፦

በጥያቄዎ ውስጥ ብልሽት፣ ጥገናና ማሻሻያ አንድ ላይ ተቀላቅለዋል፤ መጀመሪያ መለየት አለባቸው። ጄት የተዘጋው ተበላሽቶ አይደለም። ቬንደልሽታይንም የቆመው ተበላሽቶ አይደለም፤ ገና ሲነደፍ ጀምሮ በየደረጃው እየተከፈተ እንዲሟላ ታስቦ የተሠራ ማሽን ነው። ስህተቱ የሚመነጨው የምርምር ማሽንን በኃይል ማመንጫ ዓይን ከማየት ነው። ኃይል ማመንጫ በቆመ ቁጥር ይከስራል፤ የተሠራው ኤሌክትሪክ ለማምረት ነውና። የምርምር ማሽን የተሠራው ለጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። ከመልሶቹ ብዙዎቹ ደግሞ የሚገኙት ማሽኑ ቆሞ፣ ተከፍቶ፣ ግድግዳው በዓይን ሲታይ፣ ሲመዘንና ሲመረመር ነው። (ከዚህ በታች ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሪከርዱንም በልኩ እናስቀምጠው። ጄት በኦክቶበር 3 ቀን 2023 በ5.2 ሰከንድ ውስጥ 69 ሜጋ ጁል የውህደት ኃይል (ቀላል አቶሞች ሲዋሃዱ የሚወጣ ኃይል) ሰጠ፤ የተጠቀመውም 0.2 ሚሊ ግራም ነዳጅ ብቻ ነበር። ከዚህች ቅንጣት ይህን ያህል ኃይል መውጣቱ በእውነት የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን 69 ሜጋ ጁል ማለት ወደ 19 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ አምስት ሰዓት ያህል ቢበራ የሚጨርሰው መጠን። ፕላዝማውን፣ ማለትም ውህደቱ የሚካሄድበትን እጅግ የጋለ ጋዝ፣ ለማሞቅ የገባው ኃይል ደግሞ ከውህደቱ ከወጣው ይበልጥ ነበር። ለተማሪዎችዎ ይህን ሳይሸሽጉ ይንገሯቸው። አለበለዚያ «ቤታችንን ሊያበራ የደረሰ ማሽን ተዘጋ» ብለው ያስባሉ፤ ከዚያም ወይ ሴራ ይፈልጋሉ፣ ወይ ተስፋ ይቆርጣሉ።

ታዲያ ለምን 5 ሰከንድ ብቻ? መልሱ የመዘጋቱንም ምክንያት ይዟል። በኦክስፎርድ አቅራቢያ በካላም የሚገኘው ጄት የመጀመሪያውን ፕላዝማ የፈጠረው በጁን 1983 ነው። ፕላዝማውን አቅፈው የሚይዙት ማግኔቶች የተጠቀለሉት ከመዳብ ነው። መዳብ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍበት ይግላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሙከራ በሰከንዶች ተለክቶ ያልቅና ኮይሎቹ (የመዳብ ጥቅሎቹ) እስኪቀዘቅዙ መጠበቅ ግድ ይሆናል። የሚፈልጉት ኃይል ደግሞ ከመሥመር በአንድ ጊዜ ሊወሰድ የማይችል ስለሆነ፣ እያንዳንዳቸው 775 ቶን የሚመዝኑ ሁለት ግዙፍ መሽከርከሪያዎች ቀስ በቀስ ኃይል እያጠራቀሙ በቅጽበት ያቀርቡ ነበር። እነዚህ ኮይሎች የማሽኑ አጥንት ናቸው፤ ሌላው ሁሉ የተገጠመው በእነሱ ዙሪያ ወይም በእነሱ ውስጥ ነው። ግድግዳውን መቀየር ይቻላል፣ ማሞቂያውን ማሳደግ ይቻላል፣ መለኪያዎቹን ማዘመን ይቻላል፤ የመዳቡን ኮይል በሱፐርኮንዳክተር (እጅግ ሲቀዘቅዝ ጅረት ቢያልፍበትም በማይግል ቁስ) ለመተካት ግን ማሽኑን በሙሉ ማፍረስ ያስፈልጋል። እሱም ማሻሻያ ሳይሆን አዲስ ግንባታ ነው።

ጄት አርባ ዓመት ሠርቶ በዲሴምበር 18 ቀን 2023 ሲቆም 105,842ኛውን ሙከራ አካሂዶ ነበር። የመጨረሻው ሙከራ ምን እንደነበር ቢያውቁ «ተበላሽቶ ነው» የሚለው ሐሳብ ይለቅዎታል። ሲሠራ በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ እንዳይደርስ ሲጠበቅ የነበረውን አደጋ ሆን ብለው አደረሱበት፤ ከፍተኛ ጉልበት ያላቸው ኤሌክትሮኖች ወደ ውስጠኛው ግድግዳ እንዲመቱ ተደረገ። ግድግዳው ምን ያህል እንደሚጎዳ፣ ጉዳቱስ እንዴት እንደሚገታ ለማወቅ ይህን ዕድል ሊሰጥ የሚችለው ከእንግዲህ የማይነሳ ማሽን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ከግድግዳው ናሙናዎች በሮቦት ክንድ እየተነቀሉ በቤተ ሙከራ ይመረመራሉ። ማሽኑን የማፍረሱ ሥራ እስከ 2040 ገደማ ይዘልቃል፤ ይህም ራሱ ለወደፊት ማሽኖች የሚሆን ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ጨረሩ። በዲዩቴሪየምና በትሪቲየም፣ ማለትም በሁለቱ ከባድ የሃይድሮጅን ዓይነቶች፣ ውህደት የሚወጣው ኒውትሮን 14 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት አለው። የኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለው ማግኔት አያግደውም፤ ግድግዳውን ዘልቆ ብረቱን ራሱን ራዲዮአክቲቭ ያደርገዋል። የጄት የቫክዩም ክፍል፣ ማለትም አየሩ ወጥቶ ፕላዝማው የሚፈጠርበት ክፍል፣ የተሠራው ኢንኮኔል ከተባለ በኒኬል ከበለጸገ ቅይጥ ብረት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ብረት ውስጥ ለመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ትልቁን ችግር ከሚፈጥሩት አንዱ ኮባልት 60 ነው፤ ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ ከ5 ዓመት ትንሽ ይበልጣል። የትሪቲየም ግማሽ ዕድሜ 12 ዓመት ከጥቂት ወራት ነው። አቶም በመሰንጠቅ በሚሠራው በኑክሌር ፊሽን ማመንጫ እንዳለው ዓይነት ያገለገለ የዩራኒየም ነዳጅ እዚህ የለም። ስለዚህ «ለሺህ ዓመታት ማንም አይነካውም» ስህተት ነው፤ የጨረሩ መጠን በአሥርት ዓመታት ውስጥ በብዙ ይቀንሳል። ነገር ግን ጥንቃቄ ያድርጉ፤ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄደው «ውህደት ቆሻሻ የለውም» ብለው እንዳያስተምሩ። በኒኬልና በኒዮቢየም ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ራዲዮአክቲቭ ኢሶቶፖች (የአቶም ዓይነቶች) በጥቂቱ ይፈጠራሉ፤ ለዚህም ነው አዳዲስ ማሽኖችን የሚነድፉ ሰዎች የብረቱን ቅመም አንድ በአንድ የሚመርጡት።

ሰው መግባት በማይችልበት ጊዜ ሥራው አይቆምም። ጄት በ1997 የትሪቲየም ሙከራ ካካሄደ በኋላ፣ በ1998 በውስጡ ያለው ዳይቨርተር የሚባለው ክፍል፣ ማለትም የፕላዝማው ትርፍ ሙቀትና ጥራጊ የሚወርድበት ወለል፣ ማንም ሰው ሳይገባ በርቀት ተቀይሯል። ረጅም ክንድ በጠባብ መስኮት ይገባል፤ ጫፉ ላይ ሁለት እጆች አሉት። ሠራተኛው በሌላ ክፍል ተቀምጦ እጀታ ሲያንቀሳቅስ የውስጡ እጅ ይከተለዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ብሎን ሲጠብቅ ወይም ሰሌዳ ጠርዝ ሲነካ ግፊቱ ተመልሶ በሠራተኛው መዳፍ ይሰማል። ይህ ስሜት ባይኖር ማንም ሰው በካሜራ ምስል ብቻ ብሎንን ጥርሱን ሳያበላሽ ሊያስገባ አይችልም። ከጨረሩ ሌላም ምክንያት አለ። በጄት ግድግዳ ላይ ያለው ቤሪሊየም ብናኙ ለሳንባ መርዝ ነው፤ ሰው በገባባቸው ጊዜያት እንኳ አየር በቱቦ የሚቀርብለት ሙሉ ልብስ ለብሶ ነው። ብዙ ሰው ጨረሩን ብቻ ፈርቶ ኬሚካሉን ይረሳል፤ በእንዲህ ያለ ቦታ የሚሠራ መሐንዲስ ግን ሁለቱንም እኩል ይጠነቀቃል።

ማሻሻያ ምን እንደሚመስል ከግድግዳው ታሪክ በላይ የሚያሳይ የለም። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት የጄት ግድግዳ በአብዛኛው የተሸፈነው በካርቦን ሰሌዳዎች ነበር። ካርቦን ለፕላዝማ ደግ ነው፤ አይቀልጥም፣ ጥቂት ፕላዝማውን ቢበክለውም አያጠፋውም። ነገር ግን ሃይድሮጅንን ይወዳል። ፕላዝማው ሲነካው ይሸረሸራል፣ የተሸረሸረው ከሃይድሮጅን ዘመዶች ጋር ተዋሕዶ ቀዝቃዛ ጥግ ላይ እንደ ቅርፊት ይጋገራል። በ1997 ሙከራ ወደ ማሽኑ ከገባው 35 ግራም ያህል ትሪቲየም ውስጥ ብዙ ግራም በውስጡ ተይዞ ቀረ፤ ከወራት ጽዳት በኋላም ሁሉም አልወጣም። ይህ በአንድ የምርምር ማሽን ላይ ሲሆን የሂሳብ መዝገብ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። በትልቅ ማሽን ላይ ግን ውድ ነዳጅን መቅበርና በፈቃድ ሰጪው አካል ከተወሰነው የትሪቲየም ጣሪያ ማለፍ ነው። ካርቦን ለነገው ማሽን እንደማይሆን ያሳየን የወለል ጥግ ላይ የተጋገረ ቅርፊት ነው፤ የታወቀውም ማሽኑ ተከፍቶ ነው።

ስለዚህ ጄት ከ2009 እስከ 2011 ቆመ። ግድግዳው በቤሪሊየም፣ ዳይቨርተሩ በተንግስተን ተተካ፤ ወደ 86,000 የሚደርሱ ክፍሎች ተገጠሙ፤ አብዛኛውም በዚያው የሮቦት ክንድ ነበር። ውጤቱ በነዳጅ በኩል ግልጽ ነበር፤ በግድግዳው ውስጥ ተይዞ የሚቀረው ሃይድሮጅን ከአሥር እጥፍ በላይ ቀነሰ። በሌላ በኩል ግን ማሽኑ መጀመሪያ ላይ ከድሮው የባሰ ሆነ። ተንግስተን ከባድ አቶም ነው፤ ጥቂት ቅንጣት ወደ ፕላዝማው መሃል ከገባ ሙቀቱን በብርሃን መልክ አውጥቶ ይጥለዋል፣ ፕላዝማውም ይቀዘቅዛል። ጋዙ የሚገባበት መንገድ፣ የማሞቂያው ቅደም ተከተል፣ የፕላዝማው ቅርጽ ሁሉ እንደ አዲስ መጠናት ነበረበት። በካርቦን ግድግዳ በ1997 ከተገኘው 22 ሜጋ ጁል ያህል ኃይል በላይ የተገኘው በ2021 ነው፤ ያኔ 59 ሜጋ ጁል ለ5 ሰከንድ። ከአዲሱ ግድግዳ በኋላ አሥር ዓመት ማለት ነው። ሚኒስትሮችና ገንዘብ ሰጪዎች ደጋግመው የሚስቱት ይህን ነው፤ ከማሻሻያ በኋላ የሚከተለውን የማሽቆልቆል ዘመን እንደ ውድቀት ይቆጥሩታል። ማሽኑ ግን አዲስ ማሽን ሆኗል፤ ሠራተኞቹም እንደገና ሊማሩት ይገባል።

መለኪያዎቹ እንኳ ከዚህ አያመልጡም። በማሽኑ ውስጥ ያለው ብረት በተቀየረ ቁጥር ኒውትሮኖች የሚበተኑበት መንገድ ስለሚቀየር የኒውትሮን ቆጣሪዎች ንባብ ይዛባል። በጄት ላይ ይህን ለማረም ያው የሮቦት ክንድ ካሊፎርኒየም 252 የተባለ ኒውትሮን አመንጪ ምንጭ፣ ኋላም 14 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ኒውትሮን የሚያመነጭ መሣሪያ ይዞ ፕላዝማው በሚቆምበት ቦታ ሁሉ እየዞረ ቆጣሪዎቹ ምን እንደሚያነቡ ተመዝግቧል። ያ ሥራ ባይሠራ 69 የሚለውን ቁጥር ዛሬ ማንም በሙሉ ልብ ሊናገር አይችልም ነበር።

ቬንደልሽታይን 7-ኤክስ የተለየ ታሪክ አለው። በሰሜን ጀርመን በግራይፍስቫልድ የሚገኘው ይህ ማሽን እንደ ጄት ያለ ቶካማክ (ፕላዝማው በራሱ ውስጥ በሚያልፍ ጅረት ጭምር የሚያዝበት ዓይነት) ሳይሆን ስቴላሬተር ነው፤ ፕላዝማው የሚያዘው በተጠማዘዙ 70 ሱፐርኮንዳክተር ኮይሎች ነው። ኮይሎቹ እስከ ፍጹም ዜሮ ጥግ ስለሚቀዘቅዙ አይግሉም፤ ስለዚህ ማሽኑ በመርህ ደረጃ ለረጅም ጊዜ መሥራት ይችላል። ዕቅዱ ግን ሙሉ ግድግዳውን በአንድ ጊዜ መገንባት አልነበረም። በዲሴምበር 2015 ሲጀምር በጣም ቀላል ውስጣዊ መከላከያ ብቻ ነበረው፤ በ2017 በውሃ የማይቀዘቅዝ የግራፋይት ዳይቨርተር ገባ። ይህን ያደረጉት ከስስት አይደለም። የመግነጢሳዊ መስመሮቹ ሙቀቱን በትክክል የት እንደሚጥሉት በስሌት ብቻ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ርካሹ ግራፋይት ይሳሳትልን፣ ውዱ ክፍል ከዚያ ይግባ ነው ነገሩ። እኔ በዚህ ዘርፍ ካየኋቸው ዕቅዶች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ።

ከ2018 መጨረሻ እስከ 2022 የተሠራው በውሃ የሚቀዘቅዘውን ዳይቨርተር ማስገባት ነው። ይህ ወለል በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 10 ሜጋ ዋት ሙቀት ያለማቋረጥ እንዲችል ተነድፏል። የፀሐይ ገጽ የሚያወጣው 63 ሜጋ ዋት በካሬ ሜትር መሆኑን ሲያስቡት ስድስተኛውን ያህል ነው፤ ከጀርባው ጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ደግሞ ውሃ ይሄዳል። በዚያ ጠማማ ክፍል ውስጥ 6.8 ኪሎ ሜትር የማቀዝቀዣ ቧንቧ ተዘረጋ። ቧንቧው ቀጥ ብሎ የሚሄድበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል፤ እያንዳንዱ ለሚያልፍበት ጥግ ተጎንብሶ፣ ተለክቶ፣ ተበይዶ፣ ለሽንቁር ተፈትሿል። በፌብሩዋሪ 2023 ማሽኑ ለ8 ደቂቃ ፕላዝማ ይዞ 1.3 ጊጋ ጁል ኃይል አስተናገደ፤ በሜይ 2025 ደግሞ ለ6 ደቂቃ 1.8 ጊጋ ጁል። ከመቆሙ በፊት ረጅሞቹ ሙከራዎች መቶ ሰከንድ ገደማ ነበሩ። አራቱ ዓመታት የገዙት ይህን ነው።

ጊዜው የት እንደሚሄድ ለማየት ሽንቁር ፍለጋን በቅርብ እንመልከት። ከሥራው ሁሉ እጅግ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው። የቫክዩም ክፍሉ ሲዘጋ አየሩ በፓምፕ ይወጣል፤ ግድግዳው እንዲግል ይደረጋል፤ ቬንደልሽታይን ወደ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ በብረቱ ገጽ ላይ የተጣበቀው ውሃ እንዲለቅ ነው። ከዚያ ጋዝ ተንታኙ ይነበባል። እያንዳንዱ ጋዝ በክብደቱ ቁጥር አለው። 18 ውሃ ነው። 28 ናይትሮጅን ሊሆን ይችላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድም ሊሆን ይችላል፤ ክብደታቸው አንድ ነው። ስለዚህ 28 ከፍ አለ ብሎ «አየር ገባ» ማለት ችኮላ ነው። 32፣ ማለትም ኦክስጅንም አያስተማምንም፤ በቦሮን የተለበጠ ግድግዳ ኦክስጅንን ይውጠዋል፣ ስለዚህ አየር እየገባም ኦክስጅን ላይታይ ይችላል። ታማኙ ምስክር 40 ቁጥር፣ አርገን ነው። አርገን በአየር ውስጥ መቶኛ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ከምንም ጋር አይዋሃድም፣ ግድግዳውም አይውጠውም። አርገን ከታየ አየር ገብቷል።

ከዚያ ፍለጋው ይጀምራል። በቀጭን ቱቦ ሂሊየም በብየዳዎቹና በማያያዣዎቹ ላይ ከውጭ ይነፋል፤ ውስጥ ያለው መሣሪያ ሂሊየም እስኪያይ ይጠበቃል። ሁልጊዜ የሚጀመረው ከላይ ነው። ሂሊየም ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከታች ከጀመሩ ወደ ላይ ያመለጠው ጋዝ ባልተፈተሸ መገጣጠሚያ ይገባና የተሳሳተውን ቦታ ያስወቅሳል። በአየር በኩል ያለ ሽንቁር ይህን ያህል ቀላል ነው። አስቸጋሪው ከማቀዝቀዣ ቧንቧ ወደ ቫክዩም የሚገባ ውሃ ነው፤ ከውጭ የሚነፋ ሂሊየም እዚያ አይደርስም። አንዱን የውሃ መሥመር ከሌሎቹ ለይቶ ማፍሰስ፣ በሞቀ ጋዝ ፍጹም ማድረቅ፣ ከዚያ በሂሊየም መሙላት ያስፈልጋል፤ ካልተገኘ ወደ ሚቀጥለው መሥመር። ማድረቁን ያቻኮለ ሰው ይሳሳታል። በጣም ጠባብ በሆነ ሽንቁር ውስጥ የቀረች የውሃ ጠብታ ቀዳዳውን ትደፍናለች፤ ውሃው ወደ ቫክዩም ሲተን ሊረጋም ይችላል፤ መሥመሩም ጤነኛ ይመስላል። ማሽኑ ሲሞቅ ሽንቁሩ ይመለሳል። እንዲህ ላለው ፍተሻ ሳምንታት የማይመድብ የሥራ መርሐ ግብር ወራት ይከፍላል።

ማሻሻያ የሚከሽፍባቸውን ጊዜያትም መደበቅ አይገባም፤ ሁለቱን ላንሳ። በአሜሪካ ፕሪንስተን የሚገኘው ኤንኤስቲኤክስ-ዩ የተባለው ማሽን የመግነጢስ መስኩና የፕላዝማ ጅረቱ እጥፍ እንዲሆን 94 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በ2015 ተጠናቀቀ። በ2016 ለአሥር ሳምንት ያህል ከሠራ በኋላ ከዳይቨርተሩ አጠገብ ያለ አንድ አነስተኛ የመዳብ ኮይል በውስጡ ሾርት አድርጎ ተበላሸ። ኮይሉ ከማሽኑ ዋና ዋና ክፍሎች አንጻር ትንሽ ነው፤ የጥገናው ሥራ ግን ብዙ ዓመታት ወሰደ። ምክንያቱ አንድ ኮይል ሲከሽፍ «በተመሳሳይ መንገድ የተሠሩት ሌሎቹስ?» የሚል ጥያቄ ስለሚመጣ ነው፤ ማሽኑ በሙሉ እንደገና ተመረመረ፣ ኮይሎቹም ከመተካታቸው በፊት የሙከራ ናሙና እየተሠራላቸው ተፈተኑ። ናሙናው አስቀድሞ ቢሠራ ምን ያህል ይቆጥብ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው የጃፓኑ ጄቲ-60 ኤስኤ ነው። በናካ የነበረው አሮጌው ማሽን በ2008 ቆሞ ፈረሰ፤ በዚያው አዳራሽ ሱፐርኮንዳክተር ያለው አዲስ ማሽን ተሠራ፤ ከአሮጌው የኃይል አቅርቦትና የማሞቂያ መሣሪያዎች የሚጠቅሙት ተወሰዱ። ግንባታው በ2020 ተጠናቀቀ። በማርች 2021 በሙከራ ማስጀመር ላይ ሳለ በአንድ ኮይል ማያያዣ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መከላከያ ሽፋን በቂ ስላልነበረ ብልጭታ ተነሳ፣ ሂሊየም ፈሰሰ። የመጀመሪያው ፕላዝማ እስከ ኦክቶበር 2023 ዘገየ። እዚህ ላይ ያለው ፊዚክስ ለክፍልዎ ይጠቅማል። አንድ ሽፋን በመደበኛ የአየር ግፊት ከፍተኛ ቮልቴጅ ችሎ ሊያልፍ ይችላል። ግፊቱ ሲቀንስ ግን ኤሌክትሮኖች ሳይጋጩ ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሮጡ ጋዙ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ይበሳል፣ ማለትም ጅረት ያሳልፋል። ቫክዩሙ ጥቂት ሲበላሽ የሚፈጠረው ይኸው መካከለኛ ግፊት ነው፤ አደገኛውም እሱ ነው። ስለዚህ የኮይል ማያያዣ መፈተን ያለበት በክፍት አየር ብቻ ሳይሆን በዚያ ዝቅተኛ ግፊት ጭምር ነው። ከጥገናው በኋላ እንዲሁ ተደረገ።

«አዲስ መሥራት አይሻልም?» ላሉት አሁን መልስ መስጠት ይቻላል። አዲስ ማሽን ከጥገና አያድንም። በደቡብ ፈረንሳይ የሚገነባው ኢተር ገና ሥራ ሳይጀምር በ2022 በቫክዩም ክፍሎቹ ጠርዝ ላይ የልኬት መዛነፍና በሙቀት መከላከያው የማቀዝቀዣ ቧንቧዎች ላይ ስንጥቅ ተገኝቶበት ጥገና ጀምሯል። በ2024 የወጣው አዲሱ ዕቅድ የምርምር ሥራውን መጀመሪያ ወደ 2034፣ የዲዩቴሪየምና የትሪቲየም ሥራን ወደ 2039 ወስዶታል፤ የውስጥ ግድግዳውም ከቤሪሊየም ወደ ተንግስተን ተቀይሯል። በሌላ በኩል በዚያው በፈረንሳይ በካዳራሽ ያለው ቶር ሱፕራ በ1988 ሥራ ሲጀምር የተገጠሙለት ሱፐርኮንዳክተር ኮይሎች ጤነኛ ስለነበሩ፣ ከ2013 እስከ 2016 ውስጡ ብቻ ተለውጦ የተንግስተን ዳይቨርተር ገባለት፤ ስሙም ዌስት ሆነ። በፌብሩዋሪ 2025 ለ1,337 ሰከንድ፣ ማለትም ከ22 ደቂቃ በላይ ፕላዝማ ይዟል። ጄት በሰከንዶች የተወሰነው፣ ዌስት በደቂቃዎች የሄደው በዕድሜ ልዩነት አይደለም፤ በኮይሉ ነው። ማሽን አገር ተሻግሮም ሊታደስ ይችላል፤ በሞስኮ የነበረው ቲ-7 ወደ ቻይና ሄፌ ተወስዶ ኤችቲ-7 ሆነ፤ በእሱ የሠለጠኑት ሰዎች ናቸው ኋላ በ2025 መጀመሪያ ለ1,066 ሰከንድ ፕላዝማ የያዘውን ኢስት የገነቡት።

ስለዚህ ኃላፊ ብሆን ሳላመነታ ማሻሻያን እመርጣለሁ፤ ዋና ኮይሎቹና የቫክዩም ክፍሉ ጤነኛ እስከሆኑ ድረስ። ገንዘብ ከመጠየቄ በፊት የእነሱን የኤሌክትሪክ መከላከያና የብየዳ ሁኔታ አስመረምራለሁ፤ ውጤቱ ደካማ ከሆነ የሚያምር ግድግዳ አላስገባበትም፤ ማሽኑን የመጨረሻ ጥያቄዎቹን አስመልሼ እንደ ጄት በክብር እዘጋዋለሁ። ጤነኛ ከሆኑ ግን በአንድ መክፈቻ ከአንድ ትልቅ ለውጥ በላይ አልፈቅድም። ግድግዳ፣ ኮይልና ማሞቂያ በአንድ ጊዜ ከተቀየሩ ነገሩ ሲበላሽ ጥፋተኛውን መለየት አይቻልም፤ ሲሠራም የትኛው እንደጠቀመ አይታወቅም። ከተዘጋ በኋላ የማይደረስበት ማንኛውም ክፍል ናሙናው እስኪሰበር ሳይፈተን አይገባም። ከተዘጋም በኋላ ለፍተሻና ለመልመጃ የሚሆኑ ወራት በዕቅዱ ውስጥ ከመጀመሪያው ይጻፋሉ፤ ኋላ እንደ መዘግየት አይቆጠሩም። ይህን የማይቀበል ገንዘብ ሰጪ ካለ ማሽኑን ባይከፍተው ይሻላል።

ለተማሪዎችዎ ደግሞ ከጄት የሚቀርብ ማሽን አለ። በፕራግ የቼክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ጎለም የተባለ ትንሽ ቶካማክ አለው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሞስኮ ተሠርቶ ወደ ፕራግ የመጣ፣ ከዚያም ለማስተማሪያ የተሰጠ። እያንዳንዱ ሙከራ በሚሊ ሰከንዶች ያልቃል፤ ነገር ግን ከሌላ አገር ያሉ ተማሪዎች በኢንተርኔት የጋዙን ግፊትና የኮይሉን ቮልቴጅ መርጠው ሙከራ እንዲያካሂዱ ይፈቅዳል። ዩኒቨርሲቲውን በትምህርት ቤትዎ ስም ጽፈው ይጠይቁ። መጀመሪያ ኮይሉን ሳይነኩ የጋዙን ግፊት ብቻ እየቀያየሩ ፕላዝማው በየትኛው ላይ እንደሚነሳና በየትኛው እንደማይነሳ ይመዝግቡ፤ በጃፓን ማያያዣ ላይ ብልጭታ የፈጠረው ያው ሕግ በዓይናቸው ይታያቸዋል።